ምጥ ላይ ላለች ሴት አጠገቧ ሰው መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ጥቅም አለው?

እህቴ፣ እህትሽ ስትወልድ አጠገቧ ስለመሆን «ከማጽናናት ያለፈ ጥቅም እንዳለው የተጠና ነገር አለ ወይ?» ላልሽው፣ አዎ፣ አለ። ያውም በደንብ ነው የተጠናው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 26 ጥናቶችን አሰባስቦ ነበር። ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች ተካተውበታል። በምጥ ወቅት ሳይቋረጥ ድጋፍ ያገኙት ያለ ቀዶ ጥገናና ያለ መሣሪያ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ብሏል። ምጡም በመጠኑ አጥሯል። ስለ ወሊዳቸው መጥፎ ስሜት ያደረባቸውም ያነሱ ነበሩ።

ድጋፍ ሲባል ግን ብቅ ብሎ መጥፋት አይደለም። ወገቧን ማሸት፣ ጉሮሮዋን የምታረጥብበት ውሃ ማቀበል፣ «አሁን የምታደርጉልኝ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ አዋላጇ በቅጡ እስክትመልስላት አብሮ መጠበቅ። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፣ በእኔ ግምት ግን ትልቋ እሷ ናት። የሴቶችን እርካታ ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ይገርማል፤ ወሊዱ በጎ ትዝታ እንዲሆን ከሕመሙ መጠን ይልቅ የባለሙያዋ አያያዝና በውሳኔው መሳተፍ ይበልጥ ይወስናሉ።

ሌላው ፍርሃትሽ እህትሽ «ምጥሽ ዘገየ» እንዳትባል ነበር። የማህፀን በር በሰዓት 1 ሴንቲሜትር መከፈት አለበት የሚለው የቆየ መለኪያ ለአንዳንድ ሴቶች እንደማይሆን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 መመሪያው ላይ ገልጿል። እናትና ልጅ ደህና እስከሆኑ ድረስ ፍጥነቱ ብቻውን ለማጣደፍ ምክንያት አይሆንም። ክትትሉ ግን እንዳይጓደል።

ያው መመሪያ አጃቢ ይኑራት ይላል፣ ራሷ የመረጠችው። ስለዚህ አንቺን ትፈልግ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቂያት፤ ከዚያ ማን መግባት እንደሚፈቀድለት ከምትወልድበት ጤና ተቋም ከአሁኑ አጣሩ።