መልስ፦ 2147483647 ፕራይም መሆኑ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ታወቀ?

የሒሳብ ሊቁ ኦይለር፣ ቁጥሩ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው) መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1772 ሲያሳውቅ፣ በሁሉም ቁጥሮች እያካፈለ አልሞከረም። ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኝ በመሆኑ፣ ፕራይም አካፋይ ቢኖረው እንኳ ያ አካፋይ ለ62 ሲካፈል ቀሪው 1፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7 መሆን አለበት፤ ፍለጋውም ከዳግም ዘሩ፣ ማለትም ከ46341 በታች ያበቃል። ይህን የሚያሟሉት ፕራይም ቁጥሮች ጥቂት ስለሆኑ ሥራው አድካሚ ቢሆንም በእጅ የሚቻል ነው።

«31 ራሱ ፕራይም ስለሆነ ነው» የሚለው ማብራሪያ ግን አያስኬድም፤ 11ም ፕራይም ነው፣ ሆኖም በዚያው ስሌት የሚገኘው 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።