ስለ ዲስክና ስለ ወገብ ህመም ጠይቁኝ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ወገቡን ይዞ ነው የሚመጣው። ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ነው የተባለ ሰው ሁሉ ሽባ የሚሆን እየመሰለው ሲጨነቅ ስለማይ ነው ዛሬ ልመልስላችሁ ያልኩት። ሳላያችሁ በሽታችሁ ይሄ ነው ማለት አልችልም፣ ሌላውን ግን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ተነስቼ ኤል 4 ኤል 5 ላይ ዲስክ ተንሸራቷል አሉኝ። 34 ዓመቴ ነው። ካልተቀደድኩ አልድንም ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ ትድናለህ ወንድሜ። ኤል 4 ኤል 5 ማለት በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መሃል ያለው ዲስክ ነው፣ እሱና ከሱ በታች ያለው ናቸው በብዛት የሚጎዱት፣ ክብደታችን እዛ ያርፋል ስንጎነብስም በብዛት የሚታጠፈው እዛ ነው። ዲስኩ ከላይም ከታችም ካለው አጥንት ጋር ጥብቅ ብሎ የተያያዘ ስለሆነ ቦታውን ለቆ አይሄድም፣ የውጪው ቀለበት ሲሰነጠቅ መሃል ያለው ለስላሳ ነገር ገፍቶ ይወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫነዋል ያስቆጣዋልም። የወጣውን ደግሞ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ እየመጠጠ ያሳንሰዋል፣ ትልቁ እንዲያውም ከትንሹ የበለጠ የመመጠጥ እድል አለው። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ በደንብ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ምንም ህመም የሌላቸውን ሰዎች ሲያይ፣ በ20 ዓመታቸው 30 በመቶ፣ በ80 ዓመታቸው 84 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው አብጦ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ፎቶው ብቻውን አያስፈርድም። ኦፕራሲዮን የሚታሰበው የእግር ህመሙ ከነዚህ ሳምንታት በኋላም አልለቅ ሲል ወይ እግርህ እየደከመ ሲሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒባስ ሹፌር ነኝ፣ ህመሙ ከመቀመጫዬ ተነስቶ እስከ አውራ ጣቴ ይወርዳል፣ ቁጭ ስል ይብሳል። ምን ልስራ?

መልስ፦ አውራ ጣት ድረስ ከወረደ ብዙ ጊዜ የተነካው ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ኤል 5 የሚባለው ነርቭ ነው። መጀመሪያ ይሄን ሞክር፣ በሆድህ ተኛ፣ ትንሽ ቆይተህ በክርንህ ቀና በል፣ እሱ ከተስማማህ መዳፍህን መሬት አድርገህ ደረትህን ብቻ ቀና አርግ፣ ዳሌህ መሬት ይቅር፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ደጋግመህ። አሁን ዋናውን ስማኝ፦ ህመሙ ከጣትህ ለቆ ወደ ጉልበትህ ከዛ ወደ መቀመጫህ ከተሰበሰበ ወገብህ ላይ ትንሽ ቢጨምር እንኳን ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጥል። ወደ ታች እየራቀ ከሄደ አቁምና ባለሙያ ይይህ፣ ላንተ የሚስማማው የእንቅስቃሴ አቅጣጫ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይሄን የህመም አካሄድ ያስተዋለው ሮቢን ማኬንዚ የሚባል የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ ታካሚ ጭንቅላቱ በኩል ቀና ያለ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲጠብቀው የእግሩ ህመም ለቀቀው፣ ዘዴው ከዛ ነው የተነሳው። ስራህ ላይ ደግሞ ተራ ስትጠብቅ ወንበር ላይ አትቆይ፣ ወርደህ ተራመድ። ቦርሳህንም ከኋላ ኪስህ አውጣው።

ጥያቄ፦ ጎረቤት ሁሉ መሬት ላይ አንጥፈሽ አንድ ወር ተኚ ይለኛል።

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። በጣም ካመመሽ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ይበቃል፣ ከዛ በላይ መተኛት ጡንቻ ያደክማል ህመሙንም ያስረዝማል። ቤት ውስጥም ቢሆን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ተራመጂ። ፍራሹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይሁን፣ መሬት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ጋ ሄጄ ልታሽ?

መልስ፦ ቀለል ያለ መታሸት ጡንቻ ያላላል፣ በሱ አልከፋም። ግን ህመሙ እግር ድረስ ለሚወርድበት ሰው ወገብ መጠምዘዝና መርገጥ አደጋ አለው። ሌላው በጣም የሚያስጨንቀኝ የአከርካሪ ቲቢ ነው፣ እኛ ሀገር አለ፣ መጀመሪያ ላይ ተራ የወገብ ህመም ይመስላል። ማታ ማታ የሚያልብህ፣ የሚያተኩስህ፣ የምትከሳ ከሆነና ህመሙ ተኝተህም ካልለቀቀህ ማንም ሳይነካህ ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ ሕማማት እየደረሰ ነው፣ መስገድ እችላለሁ?

መልስ፦ ህመሙ ትኩስ ከሆነ ደጋግሞ መጎንበስ ዲስኩን ያስቆጣዋል። የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች። ሲሻልሽ ከጥቂት ጀምረሽ ጨምሪ፣ ስትወርጂም በጉልበትሽና በዳሌሽ እጠፊ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው ያለሁት፣ አሮጊት አነሳለሁ አስተኛለሁ፣ ወገቤ አለቀ።

መልስ፦ አይዞሽ እናቴ። ብቻሽን ከመሬት አታንሺያት፣ ሰው ጥሪ። ከአልጋ ስታስነሺያት መጀመሪያ በጎን አዙሪያት፣ እግሯን አውርጂ፣ ወደ ሰውነትሽ አስጠግተሽ ያዣት፣ ስትዞሪ ወገብሽን ሳይሆን እግርሽን አዙሪ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ በየቀኑ እየዋጥሽ አትግፊው፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ጥያቄ፦ እናቴ ዲስክ አለባት፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሽንት እምቢ አላት፣ ጭኗ መሃልም ደንዝዟል ትላለች። የትኛውን ስፖርት ታድርግ?

መልስ፦ ምንም ስፖርት አታድርግ። አሁኑኑ የነርቭ ወይም የአጥንት ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፣ ነገ አትበይ። ወደ ታች የሚወርዱት ነርቮች በሙሉ ተጨንቀው ሊሆን ይችላል፣ ከሆነም በሰዓታት ውስጥ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፣ ከዘገየ ሽንቷን መቆጣጠር ላትችል ትችላለች። ስትደርሺ ወገቧን አመማት ብቻ እንዳትዪ፣ ሽንት እንደከለከላትና የደነዘዘው ቦታ የት እንደሆነ መጀመሪያ ተናገሪ፣ ኤምአርአዩን ይዘሽ ሂጂ።