ከበታቻችሁ ያሉትን ሰዎች ልብ ጠብቁ፦ በነርሲንግ ሆም ቻርጅ ነርስ ለሆናችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በሲያትል ባሉ ነርሲንግ ሆሞች (የአረጋውያን መንከባከቢያዎች) ወገኖቻችን ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆነው መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ኤልፒኤን ወይም አርኤን (ፈቃድ ያላችሁ ነርሶች) ሆናችሁ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ እንደ ቻርጅ ነርስ የአንድ ፎቅ ኃላፊነት ተረክባችኋል። መድኃኒት መስጠቱን፣ ቁስል ማጠቡን፣ ለሐኪም መደወሉን ተምራችሁ መጥታችኋል። በአንድ ሺፍት (ፈረቃ) ከበታቻችሁ የሚውሉትን አራት አምስት ሰዎች መንፈስ እንዴት እንደምትጠብቁ ግን ያስተማራችሁ የለም። እኔ የማምነው የሠራተኛ መንፈስ በሥራ አደላደል እንደሚጠበቅ ነው። ማን ማንን ይይዛል? ማን መቼ ያርፋል? ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል? ሠራተኛ ሲሰደብ ማን ይቆምለታል? እነዚህ ሳይስተካከሉ "በርቱ" ማለትና በነርሶች ሳምንት ፒዛ ማዘዝ የትም አያደርስም።

ከሞት ልጀምር፤ ብዙ ጊዜ ዝም የሚባለው እሱ ነውና። አንዲት ሲኤንኤ አንዲትን አዛውንት ሁለት ዓመት ሙሉ ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታጎርስ ከኖረች ከቤተሰቡ በላይ ታውቃቸዋለች። ቡናቸውን በስንት ስኳር እንደሚጠጡ፣ በየትኛው ጎን ሲተኙ ትከሻቸውን እንደሚያማቸው ታውቃለች። ከዚያ ሁለት ቀን አርፋ ስትመለስ በሩ ላይ ያለው ስም ተቀይሯል፤ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። በባህላችን መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ማለዳ፣ ሽማግሌና የቅርብ ሰው ተሰብስቦ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ግን የአንሶላ ጋሪ እየገፋች ኮሪደር ላይ ትሰማለች። ለዘመድ ቢሆን እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ለእሷ "እግዜር ያጥናሽ" የሚላት የለም።

ስለዚህ እናንተ መርዶ ነጋሪ ሁኑ። ከሺፍቷ በፊት "ወደ ፎቅ ከመውጣትሽ በፊት አግኚኝ" ብላችሁ መልእክት ላኩላት። የሟቹን ስም በስልክ አትጻፉ፤ የሕሙማን ምስጢር ሕግ ይከለክላል። በር የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ሁለታችሁም ተቀመጡ፤ ቆማችሁ አትንገሩ። ሦስት ነገር ማወቅ ትፈልጋለች፦ መቼ እንደሞቱ፣ አጠገባቸው ማን እንደነበረ፣ ሕመም ነበረባቸው ወይ የሚለውን። የምታውቁትን ያህል ንገሯት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በዚያን ቀን በዚያው አልጋ የገባውን አዲስ ሰው ለሌላ ሠራተኛ ስጡ፤ በማግሥቱ ትረከበዋለች።

ሞቱ በእሷ ሺፍት ከሆነ አስከሬኑን ማጠብ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቋት። አንዳንዷ የመጨረሻውን እጥበት ለሌላ መስጠት አትፈልግም፤ አንዳንዷ ደግሞ አትችልም። ሁለቱም ልክ ነው። ማንም ብቻውን አይግባ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይሁን። ሲጨርሱ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ከፎቁ ውረዱ በሏቸው፤ ኮል ላይታቸውን (ታካሚው እርዳታ ሲፈልግ የሚጫነውን መጥሪያ) እናንተው መልሱ። የተለመደው ጥፋት ሌላው ሁሉ ሲሸሸው እጥበቱን ለአዲሱ ልጅ መስጠት ነው። በሕይወቱ አስከሬን ነክቶ የማያውቅ ልጅ "እሺ" ብሎ ይሠራዋል፤ በማግሥቱ ግን ታምሜያለሁ ብሎ ይደውላል። የፌዴራል ሕጉ ለሲኤንኤ ሥልጠና ያስቀመጠው ዝቅተኛ ሰዓት 75 ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለዚህ የሚተርፍ ብዙ ቦታ የለም።

ሁለተኛው ስድብና ዱላ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የሚማታው ብዙውን ጊዜ ሲታጠብና ዳይፐር ሲቀየር ነው። ራቁቱን ነው፣ ይበርደዋል፣ የማያውቀው እጅ ይነካዋል፤ እየተጠቃ ያለ ይመስለዋል። ለሠራተኞቻችሁ ይህን አስረዱ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አጥቡ የምትሉበትን መንገድ ቀይሩ። ውሃ ከመንካቱ በፊት በሞቀ ፎጣ ይሸፈን። የሚታጠበው የአካል ክፍል ብቻ ይገለጥ፣ ታጥቦ ወዲያው ይሸፈን። አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ካወራ ይደነግጣል። ገላ መታጠብ ከዚህ በፊት ሕመም አስነስቶበት ከሆነ የታዘዘለትን ማስታገሻ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ስጡ። ሰላማዊ የነበረ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተማቺ ከሆነ ጠባዩ ተበላሸ አትበሉ፤ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ መድኃኒት ወይም ሕመም ፈልጉ።

እጅ ከተነሣ ሠራተኛዋ አትያዘው፣ አትከራከረው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ትራቅ። አልጋውን ዝቅ አድርጋ፣ ፍሬኑን አጥብቃ፣ ኮል ላይቱን እጁ ጋ ትታ ትውጣ። ከአሥር ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ይሞክር። ተጎድታ ከሆነ የአደጋ ሪፖርቱ በዚያው ሺፍት ይሞላ፤ "ምንም አልሆንኩም" ብላ ከሄደች በኋላ ትከሻዋ ሲያብጥ የካሳው ክርክር ይከብዳታል። እናንተም "የሥራው ጠባይ ነው" አትበሏት። ይህችን ዓረፍተ ነገር የሰማ ሰው ሁለተኛ ሪፖርት አያደርግም፤ ሪፖርት ከሌለ ደግሞ የእንክብካቤ ዕቅዱ አይቀየርም፣ ዱላውም ይቀጥላል።

የዘር ስድብ የተለየ ነው። አእምሮው ጤነኛ የሆነ ሬዚደንት (የቤቱ ነዋሪ ታካሚ) ወይም ጠያቂ ቤተሰብ "ጥቁር አይንካኝ" ሲል ቻርጅ ነርሷ ለሰላም ብላ አሳይንመንት (የሥራ ምደባ) ትቀይራለች፤ ሠራተኛዋም ተዋርዳ ትቀራለች። በ2010 የሰባተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ኢንዲያና በሚገኝ ነርሲንግ ሆም ላይ በቀረበ ክስ፣ የሬዚደንትን የዘር ምርጫ እያከበሩ ሠራተኛን መመደብ የሲቪል መብት ሕጉን እንደሚጥስ ወስኗል። ይህን ዕወቁ። ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ እሷ እየሰማች "እዚህ ሠራተኛ የምንመድበው በቀለም አይደለም" በሉ፣ ከዚያ ጻፉት፣ ለነርሲንግ ዳይሬክተሩ አሳውቁ። ከዚያ በኋላ መቀየር የምትፈልገው ራሷ ከሆነች ምርጫው የእሷ ነው።

ሰው ሲጎድል የሚመጣው ሕመም ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ሰው ቀርቶ ሦስቱ ሲሠሩ የሚያደክማቸው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛውን ነገር እያወቁ ለማድረግ ጊዜ ማጣት ነው። አንዱ ረጥቦ ሲጣራ ሌላውን እያጎረሱ መስማት ሰው ያሳምማል፣ ቤት ድረስም ይከተላል። በእንዲህ ያለ ቀን የቻርጅ ነርስ ዋና ሥራ ምን እንደሚቀር በአፍ መናገር ነው። "ዛሬ ሻወር ለነገ ይዛወራል፣ አልጋ ማንጠፍ ይቆያል። ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማድረቅና በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አይቀሩም። የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ለዳይሬክተሩም ነግሬያለሁ።" ይህን ስትሉ ጥፋተኝነቱ ከሲኤንኤዋ ትከሻ ወርዶ ሥልጣኑ ወዳለው ይሄዳል። ያልተሠራውን ተሠራ ብላ እንድትጽፍም አታድርጉ። ውሸት የጻፈች ሠራተኛ ሌሊቱን አትተኛም። በሊፍት (ሰው ማንሻ መሣሪያ) የሚነሡ ሬዚደንቶች ካሉ አብረው የሚያነሡትን ሁለት ሁለት ሠራተኞች በሺፍቱ መጀመሪያ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ እርዳታ ለመለመን መዞር ብቻውን ሰው ያስለቅሳል።

ስለ ዕረፍት ሕጉን አጥርታችሁ ዕወቁ። የፌዴራሉ ሕግ ዕረፍት ስጡ ብሎ አያስገድድም፤ የየስቴቱ ሕግ ይለያያል። ግን ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚሰጥ አጭር ብሬክ የሚከፈልበት ሰዓት ነው። የ30 ደቂቃው የምግብ ሰዓት የማይከፈለው ሠራተኛዋ ከሥራ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀች ብቻ ነው። በመሐል ኮል ላይት ከመለሰች የሥራ ሰዓት ነው፤ ይመዝገብላት። የብሬኩን ሰዓትና የምትተካውን ሰው ስም ከአሳይንመንቱ ጋር ጻፉት። "ስትችዪ ውጪ" ከተባለች አትወጣም።

ደብል (ሁለት ሺፍት አከታትሎ መሥራት) ላይ ስብከት አያስፈልግም። አገር ቤት ወንድም የሚያስተምር፣ እናት የሚያሳክም ሰው 16 ሰዓት የሚሠራው ወዶ አይደለም። ግን በተከታታይ ቀን ሁለት ደብል አትስጡ፤ ከጠዋት የገባችውን በማታው ሺፍት ከባዶቹ ክፍሎች አንሱላት። ከሌሊት ሺፍት የወጣች ሴት እየነዳች እንዳታሸልብ፣ ዓይኗ ከከበዳት መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተኝታ ትሂድ። እምቢ ማለት የማይሆንላት ካለች በእሷ ፋንታ እናንተ እምቢ በሉ፤ ስሟን ከጥሪው ዝርዝር ለሳምንት አውጡት።

አሁን ስለ ንግግር። የእኛን ሰው "ደህና ነሽ?" ብትሉት "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላችኋል፤ ልቡ እየደማም ቢሆን። የምትጠይቁት ሌላ ይሁን፦ "ዛሬ የከበደሽ የትኛው ክፍል ነው?" "ትናንት ማታ ተኛሽ?" በሺፍቱ አጋማሽ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ተሰብሰቡና ይህን ጠይቁ። ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጡትን፣ እናታችሁ የሚሆኑትን ሲኤንኤ "እርስዎ" በሉ። ማረም ሲያስፈልግ በሰው ፊት ሳይሆን በር ዘግታችሁ አድርጉት። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ በኮሪደር ላይ የገሠጻቸው እናት ቁስሉን ለወራት ይዘውት ይኖራሉ። በዕረፍት ክፍል ውስጥ አማርኛ ማውራት ያሳርፋል፤ ሬዚደንት ፊት ግን አታውሩ፣ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የተወራበት ይመስለዋል፣ የጋናዋና የሄይቲዋ ባልደረባም ትገለላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ መሟጠጥን ሲገልጽ ሦስት ምልክት አስቀምጧል፦ ኃይል ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም መጥላት፣ ሥራን በሚገባ መሥራት እንደተሳነው መሰማት። ፎቃችሁ ላይ እንዲህ ይታያል፦ በስም ትጠራቸው የነበሩትን በክፍል ቁጥር መጥራት ትጀምራለች። አጥብቃ ታሻለች፣ ፈጥና ታጎርሳለች። ትቀልድ የነበረችው ዝም ትላለች። በዚህ ጊዜ የዲሲፕሊን ወረቀት አታውጡ፤ መጀመሪያ አነጋግሯት፣ ከባዱን ሬዚደንት ለሁለት ሳምንት ቀይሩላት። አጥብቃ ማሸቷ ሬዚደንቱን ከጎዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወዲያው ከክፍሉ ውጪ አድርጋችሁ ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው።

ድርጅታችሁ የሠራተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ካለው ስልኩን ዕወቁ። ብዙውን ጊዜ የተወሰኑ ነፃ የምክር ቀጠሮዎች አሉት፤ የተነጋገረችውም ለአለቃ አይነገርም። ይህን ካልነገራችኋት አትደውልም፣ ወሬው ሰፈር ይደርሳል ብላ ትፈራለችና። ንስሐ አባቷን ወይም ሼኳን ማነጋገር ከፈለገች አበረታቷት፤ ጠበሉም ሐኪሙም አብረው ይሄዳሉ። "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉ። ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቋት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልባትም። ብቻዋን አትተዋት፣ አብራችሁ ወደ 988፣ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደተቋቋመው የእርዳታ መስመር ደውሉ። ከ2022 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ደዋይ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።

ሲኤንኤዎች በዓመት ቢያንስ 12 ሰዓት የሥራ ላይ ሥልጠና መውሰድ አለባቸው። የዓመቱ ዕቅድ ሲወጣ ለዳይሬክተሩ ጻፉና ከዚያ ውስጥ አንዱን ሰዓት ለሞትና ለሐዘን፣ አንዱን ለስድብና ለዱላ አስመድቡ። የሌሊት ሺፍት ሠራተኞች እንዳይቀሩ ትምህርቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ማለዳ 7 ሰዓት ላይ፣ እነሱ ሊወጡ ሲሉ፣ በሚከፈል ሰዓት ይሁን።