መልስ፦ አዲስ መርከብ ከርክክብ በፊት ለምን ወደ ባሕር ወጥታ ትመለሳለች?

ከአዘዞ የጻፉልን ወንድማችን፣ አዲስ የተሠራች አነስተኛ የመንገደኞች መዝናኛ መርከብ ከርክክብ በፊት ወደ ባሕር ወጥታ ወደ መሥሪያው መመለሷ ብልሽት እንዳለባት ያሳያል ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። አያሳይም፤ የባሕር ላይ ሙከራ የግንባታው የተለመደ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው።

ፍጥነቷ የሚለካው በአንድ መስመር ሄዳ በመመለስ ሲሆን፣ ይህም የነፋሱና የውኃው ፍሰት ተጽዕኖ እንዲካካስ ነው። በሙሉ ፍጥነት ስትጓዝም ሞተሩ ወደ ኋላ እንዲገፋ ተደርጎ እስክትቆም የሄደችው ርቀት ይመዘገባል፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባጸደቀው መስፈርት መሠረት፣ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ላላቸው መርከቦች ይህ ርቀት በመደበኛው ከርዝመታቸው 15 እጥፍ ሊበልጥ አይገባም።

ለመንገደኛ መርከብ ግን እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው በመኝታ ክፍሎች የሚለካውን ድምፅና ንዝረት ነው፤ መንገደኛው የሚከፍለው ለእንቅልፉም ጭምር ነውና፣ ጉድለቱ ከርክክብ በኋላ ቢገኝ የተጠናቀቀ ክፍል እስከ ማፍረስ ያደርሳል።

«ጎርጎራ ላይ ቢፈተንስ?» ላሉት (ቀልድ መሆኑ ገብቶኛል)፣ ጣና ጨው አልባ በመሆኑ መርከቧ ጥቂት ጠልቃ ትቀመጣለች፤ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየር የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሐይቁ ጥልቀት ማነስም ፍጥነቷን ይይዘዋል።