«ምርጥ ሥራ» ከማለት ወዲያ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች እንደተማከሩ ሁሉ ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ፦ ስለ ዘፈንና ስለ ዘፋኞች በየስልካችን የምንጽፈው ነገር። ሀዋሳ ዘፈን የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ከባጃጁ እስከ ሐይቅ ዳር መዝናኛው ሁሉም ያስጮኻል። አስተያየት ሰጪውም የዚያኑ ያህል ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የላኪዎቹን ስም ትቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን ዩቲዩብ ላይ ለቀቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊቱን ኮመንት ሲያነብ ያድራል። አብዛኛው «ዋው»፣ «ምርጥ ሥራ»፣ «ቃል የለኝም» ነው፤ የቀረው ስድብ። በሁለቱም እንቅልፍ አጣ። ምን ልበለው? (ከአቶቴ)

መልስ፦ እህትዬ፣ ወንድምሽ የሚያነበው ነገር ስለ ዘፈኑ ምንም አይነግረውም፤ እንቅልፍ የነሳውም እሱ ይመስለኛል። «ዋው» ያለው ጎረምሳ ግጥሙን ወዶ ይሁን ክሊፑ ላይ የምትታየውን ልጅ ማን ያውቃል? «አትችልም፣ ተው» ያለውስ ምኑን ነው አይችልም ያለው? ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ያቀናበረ፣ ሚክስና ማስተር ያደረገ አለ። እኛ ግን ሙገሳውንም ስድቡንም ጠቅልለን ድምፃዊውን እናሸክመዋለን። ኤልያስ መልካ በ2012 መስከረም ላይ ሲያርፍ «ይህንንም ያቀናበረው እሱ ነው እንዴ?» ሲል የነበረው ሰው ብዙ ነው፤ ዓመታት ሲወደው የኖረውን እጅ ያወቀው ለቅሶ ላይ ነው።

ስለዚህ ወንድምሽ የሚያምናቸውን ሦስት ሰዎች ይፈልግ፤ አንዱ መሣሪያ የሚጫወት፣ አንዱ ግጥም የሚወድ፣ አንዱ ደግሞ ለእሱ የማያዳላ። «እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅ፤ «ጥሩ ነው» ይሉትና ያበቃል። «ሁለተኛው ቤት ላይ ቃሉ ይሰማችኋል? መግቢያው አልረዘመም? አዝማቹ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰለቻችሁ?» ይበላቸው። ከዚያ ፍላሹን ይዞ ባጃጅ ይሳፈርና ያስከፍተው። የስልክ ስፒከር ቤዙን ይበላዋል፤ የከተማችን ባጃጅ ደግሞ ከቤዝ ሌላ አያውቅም። በሁለቱም ቃሉ ከተሰማ ሚክሱ ደህና ነው ማለት ነው። ኮመንቱን ማንበብ ግድ ከሆነበት ቀን ላይ ያንብብ፤ በሌሊት የተነበበ ስድብ ያብጣል።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት ድምፃዊ አዲስ ትዝታ አወጣ። ወዲያው «የጥላሁንን ሰረቀ»፣ «የማህሙድ ነው» ተባለ። ጭራሽ «ይሄ የጃፓን ዘፈን ነው» ብሎ ማስረጃ የለጠፈም አለ። እውነት ኮፒ ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ዘፈኑን አልሰማሁትም፤ ስለዚህ ፍርድ አልሰጥም። ክሱ ግን በየሳምንቱ በአንዱ ላይ ስለሚነሳ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም ብቻ አይደለም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ አንዱ ነው። ጥላሁን ገሠሠም የራሱ ትዝታ አለው፤ ማህሙድ አህመድም፣ አስቴር አወቀም፣ ሌሎችም ብዙዎች። ማንም ከማንም አልሰረቀም፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ቀድተው የየራሳቸውን ትዝታ ዘፈኑ።

ቅኝቶቹ አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። ኪቦርድ ያለው ሰው ይሞክረው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቢመታ ሜጀር ትዝታ ነው። ሚንና ላን በግማሽ ዝቅ ቢያደርጋቸው ማይነር ትዝታ ይሆናል። ጃፓኖች ኤንካ በሚሉት ዘፈናቸው በብዛት የሚጠቀሙበት አንድ ስልት እነዚህኑ የማይነር ትዝታ አምስት ድምፆች የያዘ ነው። ማስረጃ ለጣፊው ጆሮው አልዋሸውም፤ የሰማው መመሳሰል እውነት ነው። የተሳሳተው ከመመሳሰል ወደ ሌብነት ሲዘል ነው። በአምስት ድምፅ ዜማ የሚሠራ ሕዝብ ሁሉ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይገናኛል።

ታዲያ ኮፒ የሚባለው የቱ ነው? ድምፆቹ የሚከተሉበት ቅደም ተከተል፣ የእያንዳንዳቸው ርዝመት፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ፣ አዝማቹ የሚነሳበትና የሚወድቅበት መንገድ አንድ ላይ ሲገጥሙ፤ ወይም ግጥሙ ቃል በቃል ሲመጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጁም (ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 የተሻሻለው) የሚጠብቀው የተሠራውን ሥራ እንጂ ሐሳብን ወይም ዘዴን አይደለም። ቅኝት ባለቤት የለውም፤ በቅኝቱ የተደረሰ ዜማ ግን አለው። ከቀረጻው ላይ ቆርጦ መጠቀም ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ራፐሩ ናስና የሬጌው ዳሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ቆርጠው አዲስ ዘፈን ላይ አስገብተዋል፤ እንዲህ ያለው «ሳምፕል» ይባላል፣ ፈቃድም ይጠይቃል።

«ኮፒ ነው» ለማለት የፈለገ እንግዲህ የቱ ደቂቃ የቱን እንደሚመስል ይጻፍ። ያን ካላደረገ የሰው እንጀራ ላይ አሸዋ እየበተነ ነው።

ጥያቄ፦ በ2018 የምትሰሙ ላይክ አድርጉ እያሉ የሚጽፉት ሰዎች ምን ያገኛሉ?

መልስ፦ ላይክ። ማንንም አይጎዱም፤ ተዋቸው።

ጥያቄ፦ በሲዳሙ አፎ የተዘፈነ ዘፈን ሼር ሳደርግ ከሥሩ ጦርነት ይነሳል። አንዱ «ምን እያለ ነው የሚጮኸው» ይላል፣ ሌላው ብሔሩን ጠርቶ ይሰድበዋል፣ ከዚያ ዘፈኑ ይረሳል። ዝም ልበል ወይስ ልመልስ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ሁለቱን ለያቸው። «ምን እያለ ነው» ያለው ሰው አማርኛው ሸካራ ቢሆንም ጥያቄ ጠይቋል። መልስለት፤ ግጥሙን ተርጉምለት። ዜማው ከቄጣላ የተወሰደ ከሆነ ቄጣላ ምን እንደሆነ ንገረው፦ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ በፍቼ ጨምበላላ፣ ሰው በኅብረት እየተንቀሳቀሰ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ የሚዜም ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን ጨምርለት። እዚሁ ሀዋሳ እየኖረ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ በዓሉ ሲከበር አይቶ የማያውቅ ስንት ሰው አለ! ቋንቋውን የማያውቅም ቢሆን የሚጽፈው አያጣም። ተቀባዮቹ መቼ እንደሚገቡ፣ ምቱ የት ላይ እንደሚረግጥ ለመስማት ትርጉም አያስፈልግም።

ብሔር ጠርቶ የሚሰድበው ግን ስለ ሙዚቃ እየተናገረ አይደለምና የሙዚቃ መልስ አይገባውም። ሪፖርት አድርግና እለፍ። አንድ ወይ ሁለት ሰው ሲመልስለት ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ስለ ጥላቻ ንግግር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዲህ ያለውን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። «ዘፈኑ አልጣመኝም» ማለት ግን ጥላቻ አይደለም፤ ይህንንም ለወዳጆችህ ንገራቸው። የራሳችን ቋንቋ ዘፈን ሁሉ ጥሩ ነው ያለው ማነው?

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። የዛሬ ልጆች ዘፈን ሥር «የድሮ ይሻላል፣ ይሄ ሙዚቃ አይደለም» ብዬ ስጽፍ ይሰድቡኛል። እውነት መናገር ነውር ሆነ? (ከታቦር ተራራ ሥር)

መልስ፦ ጋሼ፣ ነውር አይደለም፤ ግን የድሮውም በዘመኑ አዲስ ነበር። እርስዎ የሚወዱት የትራምፔትና የሳክስፎን ዘመን፣ ማለትም የክብር ዘበኛና የሌሎቹ ኦርኬስትራዎች ዘመን፣ ሥሩ ከባሕር ማዶ በመጡ የነፋስ መሣሪያዎች ነው። እነዚህን መሣሪያዎች የሚነፉት አርባዎቹ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። በገናና መሰንቆ ለለመደ አባት ትራምፔት ምን መስሎት ይሆን?

ከዚያ ይልቅ የሚያውቁትን ይጻፉልን። አውቶቲዩን (የዘፋኙን ድምፅ በኮምፒውተር የሚያቃናው) የድምፁን ለዛ ከገደለው የት ላይ እንደገደለው፣ ያኔ ኦርኬስትራ ሙሉ በአንድ ማይክ ፊት ሲቀረጽ አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግሙ እንደነበር። ይህን የሚያስታውስ እየቀነሰ ነው፤ ልጆቹም እንዲህ ያለውን ታሪክ አይሳደቡበትም። ያው ጥቂቶቹ ይሳደቡ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል እዘፍናለሁ። አንድ እንግዳ ሳያስፈቅደኝ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለጠፈኝ። ስለ ድምፄ የተናገረ የለም፤ ስለ ቀሚሴ፣ ስለ ሰውነቴ፣ «አዝማሪ» ያለኝም አለ። ሥራውን ልተወው ወይ?

መልስ፦ አትተዪው። መጀመሪያ ቪዲዮውን የለጠፈውን እንዲያነሳ ጠይቂው፤ ካልሰማ ለመተግበሪያው አመልክቺ። ቀጥሎ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ አነጋግሪ፦ መድረኩን መቅረጽ የሚፈቀደው በአንቺ ፈቃድ እንደሆነ ለእንግዶች ይነገርልሽ። ይህን ለመጠየቅ ማፈር የለብሽም፤ የሚሸጠው የአንቺ ሥራ ነው።

ስለ ስድቡ፦ አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ ስትወጣ ሴት ተዋናይ በጣት የምትቆጠርበት ጊዜ ነበር። «አዝማሪ» ብሎ የሚሰድብ ሰው ሠርጉ ላይ፣ ክርስትናው ላይ፣ ለጎንደር ሽርሽሩም ቢሆን አዝማሪ ይፈልጋል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ እየጨፈረ ይንቃል።

ለአንባቢዎቼ ደግሞ፦ ሴት ስትዘፍን የሚሰማ ነገር ሞልቷል። ከቅኝት ወጣች? ትንፋሿ አጠረ? ከፍ ያለው ቦታ ላይ ጮኸች ወይስ ዘፈነች? ይህን ብትጽፉ እሷም ትጠቀማለች፣ ምናልባትም ታመሰግናችኋለች።

ጥያቄ፦ ሙዚቃ አልተማርኩም። የሚረባ ነገር ለመጻፍ መማር አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም። አዝማሪ ቤት ገብተህ ታውቃለህ? «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ሰው ሙዚቃ የተማረ አይደለም። ግን ሁለት መስመር አስቦ ይሰጣል፤ ቤት ካልመታ ቤቱ ሙሉ ይስቅበታል፤ ቢሳደብም በሰምና ወርቅ፣ ፊት ለፊት ነው። አንተም ደቂቃውን ጥቀስ፣ እዚያ ላይ የሰማኸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። «2፡10 ላይ ዋሽንቱ ሲገባ ዘፈኑ ተቀየረብኝ» ብትል ዋሽንት የነፋው ልጅ ስክሪኑን ቀርጾ ለእናቱ ያሳያል።

ጥያቄ፦ የምወደው ድምፃዊ «አረፈ» ተብሎ ሼር አደረግሁ፤ ለካ በሕይወት አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አጥፋው፣ ባጠፋህበት ቦታ ማስተካከያ ጻፍ። ለወደፊቱም «ነፍስ ይማር» ከማለትህ በፊት ቤተሰቡ ወይም ታማኝ የዜና ተቋም እስኪናገር ጠብቅ። ሐዘን አይቸኩልም።

ጥያቄ፦ የባንዳችንን ገጽ አስተዳድራለሁ። ኮመንቱን ጭራሽ ብንዘጋው አይሻልም?

መልስ፦ አይመስለኝም፤ ከዘጋችሁት «2፡10 ላይ» የሚለውም አብሮ ይቀራል። ዩቲዩብ ላይ የተወሰኑ ቃላት ያሉበትን ኮመንት እስክታዩት ድረስ የሚያቆይ ማስተካከያ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ። ስድቦቹን ስትመዘግቡ ግን በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ የሚጻፉትን ሁሉ ለየብቻ አስገቡ፤ አንዱን ብቻ ካስገባችሁ ተሳዳቢው በሌላው ይመጣል። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈውንም አማርኛ አትርሱ፤ የባሰው ስድብ የሚመጣው በዚያ ነው።