የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ምርጦቹ የትራንስፎርመርስ ጌሞች የት ገቡ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የትራንስፎርመርስ ሮቦቶችን ይወዳል። ጓደኛው ቤት የተጫወተውን «ዋር ፎር ሳይበርትሮን» የተባለ ጌም እንድገዛለት ጠይቆኝ በኮምፒውተርም ሆነ በፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት መደብር ብፈልግ ላገኘው አልቻልኩም። ጌሙ ታግዶ ይሆን? ካልታገደስ ከየት ላግኘው?

መልስ፦ ጌሙ አልታገደም፤ ከመደብር የወረደው የፈቃድ ውሉ ስላበቃ ነው። የትራንስፎርመርስ ገጸ ባሕርያት ባለቤት የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ሃስብሮ ሲሆን፣ ጌሙን ያሳተመው አክቲቪዥን ስሞቹንና ምስሎቹን ይጠቀም የነበረው ለተወሰነ ጊዜ በተሰጠው ፈቃድ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ላይ «ዋር ፎር ሳይበርትሮን»፣ ተከታዩ «ፎል ኦፍ ሳይበርትሮን» እና «ዲቫስቴሽን» በአንድነት ከኢንተርኔት መደብሮች ተነሡ። አስቀድሞ የገዛቸው ሰው ዛሬም ከራሱ አካውንት አውርዶ ሊጫወታቸው ይችላል፤ አዲስ ገዢ ግን በሩ ተዘግቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሃስብሮ በኩል የጌሞቹ ዋና ቅጂዎች በአክቲቪዥን ሕንፃ ውስጥ በየትኛው ሃርድ ዲስክ ላይ እንዳሉ እንኳ አይታወቅም የሚል አስተያየት ተሰምቶ ወዳጆቻቸውን ክፉኛ አስደንግጦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሃስብሮ አስተያየቱ ስሕተት መሆኑን፣ ጌሞቹም እንዳልጠፉ ገልጾ አክቲቪዥንን ይቅርታ ጠይቋል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝን የሚያደርገው ከገበያ የወጡት ጌሞች ከሁሉም የተሻሉት መሆናቸው ነው። ትራንስፎርመርስ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ሲቀርብ፣ ሃስብሮ ከጃፓኑ ታካራ የወሰዳቸው አሻንጉሊቶች ልጆችን የማረኳቸው በአንድ ነገር ነው፤ ልጁ የጭነት መኪናውን በገዛ እጁ እያጣጠፈና እየዘረጋ ሮቦት ያደርገዋል፣ መልሶም መኪና ያደርገዋል። ስለዚህ የትራንስፎርመርስን ጌም የምንመዝንበት ዋናው ሚዛን፣ ቅርጽ መለወጡ ተጫዋቹ ካለበት ችግር የሚወጣበት መላ ነው ወይስ ለዓይን ማማሪያ ብቻ የገባ ትርኢት ነው የሚለው ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። ፊልሞቹን ተከትለው የወጡት ጌሞች፣ ለምሳሌ የ2007ቱ፣ ከፊልሙ መውጫ ቀን ጋር እኩል መድረስ ግዴታቸው ስለነበር ለዚህ ጥያቄ በቂ ጊዜ የሰጡት አይመስልም።

ልጅዎ የጠየቀዎትን ጌም እ.ኤ.አ. በ2010 የሠራው ሃይ ሙን የተባለው ስቱዲዮ ግን ፊልሞቹን እንዲከተል ስላልተገደደ፣ ሁለቱ ባላንጣ የሮቦት ወገኖች፣ ደጎቹ አውቶቦቶችና ክፉዎቹ ዲሴፕቲኮኖች፣ ወደ ምድር ከመምጣታቸው በፊት በትውልድ ፕላኔታቸው ላይ ያደረጉትን ጦርነት የራሱ ታሪክ አድርጎ ተረከ። በ2012ቱ ተከታይ ደግሞ ስቱዲዮው ይበልጥ ደፈረ። በዚያ ጌም ውስጥ ግሪምሎክ የተባለውን፣ ወደ ዳይኖሰር የሚለወጠውን ሮቦት ይዞ የሚጫወት ሰው እንደ ሌሎቹ ሮቦቶች ባሻው ጊዜ ቅርጹን መለወጥ አይችልም፤ በሰይፍና በጋሻ እየተዋጋ የቁጣውን መለኪያ መሙላት አለበት፣ መለኪያው ሲሞላ ብቻ እሳት የሚተፋ ዳይኖሰር ይሆናል። ተጫዋቹ ያንን ኃይል አሁን ላውጣው ወይስ ለባሰው ላቆየው እያለ በጠላት መካከል ሲያመነታ፣ ቅርጽ መለወጥ የውጊያው ልብ ይሆናል። የጃፓኑ ፕላቲነም ጌምስ በ2015 የሠራው «ዲቫስቴሽን» ይህንኑ በሌላ መንገድ ያሳካል፦ በተከታታይ ምት መጨረሻ ላይ ብልጭታ ሲታይ በዚያች ቅጽበት አዝራሩን የተጫነ ሰው ሮቦቱን ወደ መኪና ለውጦ ጠላቱን ይገጨዋል፣ ወዲያውም ሮቦት ሆኖ ምቱን ይቀጥላል። መልኩም የ1980ዎቹን የቴሌቪዥን ካርቱን ስለሚመስል በዚያ ዘመን ልጅ የነበረን ሰው ሁሉ ደስ ያሰኛል።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ያለዎት አማራጭ ያገለገለ ዲስክ መግዛት ነው፤ የፈቃዱ ማብቃት አስቀድሞ የታተመውን ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ መሸጥን አይከለክልም። ሆኖም የ«ዋር ፎር ሳይበርትሮን» የጌም ማሽን ዲስክ የታተመው ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ነው፤ የፕሌይስቴሽን 3 ዲስክ ደግሞ በፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ 5 ላይ ጨርሶ አይሠራም። ቤትዎ ያለው ከአዲሶቹ አንዱ ከሆነ የ«ዲቫስቴሽን»ን የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ ይፈልጉለት፤ ዲስክ ማስገቢያ ባለው ፕሌይስቴሽን 5 ላይም ይሠራል። ሁለቱም ጌሞች ዕድሜያቸው 13 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች የተመደቡ ስለሆኑ በዚህ በኩል ስጋት አይግባዎ።

ጥያቄ፦ በጃፓን የወጣው የመጀመሪያው የትራንስፎርመርስ ጌም ማንም ሊጨርሰው የማይችል ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ መጨረስ ይቻላል፤ ነገር ግን ስሙን ያተረፈው ያለ ምክንያት አይደለም። «ሚስጥረ ኮንቮይ» ልንለው የምንችለውን ይህን ጌም ታካራ በታኅሣሥ 1986 እ.ኤ.አ. ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ የቤት ጌም ማሽን አወጣው። ኮንቮይ የአውቶቦቶቹ መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም በጃፓን የሚጠራበት ስም ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የታየው የካርቱን ፊልም ኦፕቲመስን ቢገድለውም ፊልሙ በጊዜው በጃፓን አልታየም ነበር፤ ስለዚህ ጌሙ «ኮንቮይን ማን ገደለው?» የሚለውን ጥያቄ ለጃፓን ልጆች አቀረበ። ተጫዋቹ የሚመራው አልትራ ማግነስን ሲሆን፣ ይህ ግዙፍ ተዋጊ በአንዲት ጥይት ይሞታል፤ ጥይቶቹም በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ለማየት እንኳ ያስቸግራሉ። ብዙ ልጅ ጨዋታውን በጀመረ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይሸነፍ ነበር። የሚገርመው ግን ይህ ክፉ ዝና ጌሙን ከመረሳት አድኖታል፤ በ2014 ለስልክ በአዲስ መልክ ተሠርቷል፣ በቀጣዩ ዓመትም በስሙ አጫጭር የካርቱን ተከታታይ ቀርቧል።

ጥያቄ፦ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን፣ አሁን በገበያ ላይ የሚገኝ የትኛው ነው? አዲስ ትልቅ ጌም እየተሠራ ነው የሚባለውንስ ብጠብቅ ይሻላል?

መልስ፦ አይጠብቁ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የተዋወቀውና የእንግሊዙ ስፕላሽ ዳሜጅ ሲሠራው የነበረው «ሪአክቲቬት» በጥር 2025 ተሰርዟል። ለሰባት ዓመት ልጅ የምንመርጥለት በ2020 የወጣውን «ባትልግራውንድስ» ነው፤ ተራ በተራ የሚጫወቱት ስለሆነ ልጁ ሳይጣደፍ ያስባል፣ ሁለት ሰዎችም በአንድ ስክሪን ላይ አብረው ሊጫወቱት ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ ሮቦቶቹ በየተራቸው ምን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚችሉ ማንበብ ስለሚከብደው የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ከእሱ ጋር ቢጫወቱ መልካም ነው።