መልስ፦ ጨምሮ መቀነስ ለምን መግዣው ላይ አይመልስም?

መምህር፣ ተማሪዎችዎ «25 በመቶ ጨምረን 25 በመቶ ብንቀንስ መግዣው ላይ እንመለሳለን» እያሉ እንዳስቸገሩዎት ጽፈዋል። እኔም ቱሉ ዲምቱ ሳስተምር ይኸው ገጥሞኛል። ቀመሩን ትቼ ጫማ ይዤ ክፍል ገባሁ።

ጫማው ከመርካቶ በ800 ብር መጣ እንበል። 25 በመቶ ሲጨመርበት 1,000 ይሆናል። አሁን 25 በመቶ ያስቀንሷቸው። 750! ባለሱቁ 50 ብር ከሰረ። ልጆቹ የሚነቁት እዚህ ላይ ነው። ጭማሪው የተሰላው ከመግዣው፣ ቅናሹ ግን ከመሸጫው ነዋ። ወደ 800 ለመመለስ 20 በመቶ ይበቃል።

ከዚያ የሱቅ ኪራዩን፣ የመኪናውንና የተሸካሚውን ወጪ ራሳቸው ይገምቱ። እኔ ይህን መልመጃ ብዙ ጊዜ እሰጣለሁ። በመግዣው ላይ የተጨመረችው 200 ብር ሙሉ ትርፍ እንዳልሆነች የሚገባቸው ያኔ ነው፤ በተለይ ወላጆቻቸው ሱቅ ላላቸው።